ብሩክላንድስ ለምን ተዘጋ? በአሸዋ ወንዝ ዳርስ እንደ እርሱ ያለ የእሽቅድድም ሜዳ ይሠራል?

ጥያቄው የመጣው ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ ሞተር ብስክሌትና ባጃጅ ከሚጠግን ወጣት ነው። አሳጥሬ አቀርበዋለሁ፦

«ጋሼ፣ እንግሊዝ አገር ስለነበረው ብሩክላንድስ ስለሚባል የመኪና እሽቅድድም ሜዳ አንብቤ ፎቶውንም አየሁ። እንደ ግድግዳ የቆመ የኮንክሪት ኩርባ ነው፤ አሁን ሣር በቅሎበታል። በዓለም የመጀመሪያው ሜዳ እንደሆነ፣ ፎርሙላ ዋንም እዚያ እንደተጀመረ፣ በኋላ ጀርመኖች በቦምብ ስላፈረሱት እንደተዘጋ ሰማሁ። ጓደኛዬ ግን የዘጋው የአደጋው ብዛት ነው ይላል። እውነቱ የትኛው ነው? ለምንስ ጠግነው አልመለሱትም? የምጠይቅዎ ያለ ምክንያት አይደለም። አሥራ አራት ሆነን ማኅበር ልናቋቁም ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ደረቅ የአሸዋ ወንዝ ዳር ቦታ ጠይቀን፣ አሸዋውም ጠጠሩም እዚያው ስላለ ሲሚንቶ ብቻ ገዝተን፣ እንደዚያ ያዘነበለ ክብ ሜዳ በትንሹ ለመሥራት አስበናል። ርዝመቱ 400 ሜትር ቢሆን ይበቃናል። ይቻላል ወይ?»

ቦምብ አልዘጋውም። አደጋም አልዘጋውም። ፎርሙላ ዋንም እዚያ አልተጀመረም። ከመጨረሻው ልነሣ፤ የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮና የመጀመሪያ ውድድር የተካሄደው እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 1950 በሌላ የእንግሊዝ ሜዳ፣ በሲልቨርስቶን ነው። ያን ዕለት ብሩክላንድስ ውድድር ካየ አሥር ዓመት አልፎት ነበር። እርሱ ያስተናገደው ከዚያ በፊት የነበረውን፣ የብሪታኒያ ግራንድ ፕሪ የተባለውን ትልቅ የመኪና ውድድር ነው፤ ያንንም በ1926 እና በ1927 ሁለት ጊዜ ብቻ። («ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር በዚህ መልስ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) «በዓለም የመጀመሪያው» የሚለውም እንዳለ አይወሰድም። መኪኖች ከዚያ አስቀድሞ በአገር አቋራጭ መንገድና በፈረስ መሮጫ ሜዳ ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። ብሩክላንድስ የመጀመሪያ የሚባለው ለመኪና እሽቅድድም ተብሎ ከመሠረቱ በመገንባቱና ኩርባዎቹ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብሉ ተደርጎ በመሠራቱ ነው።

ለምን እንደተዘጋ ለመረዳት እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ይቀድማል፤ ለእናንተ ዕቅድም የሚጠቅመው ይኸኛው ክፍል ነው።

በ1903 የወጣ የብሪታኒያ ሕግ መኪና በሕዝብ መንገድ ላይ በሰዓት ከ20 ማይል፣ ማለትም ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዳ ይከለክል ነበር። በዚህ የተነሣ የአገሩ ፋብሪካዎች የሠሩትን መኪና ሙሉ ጉልበት የሚፈትኑበት ስፍራ አልነበራቸውም። ሂዩ ሎክ ኪንግ የተባለ ባለርስት በ1905 ጣሊያን ብሬሻ ከተማ ሄዶ ውድድር ሲመለከት ከተሰለፉት መኪኖች መካከል የአገሩ መኪና አለመኖሩ ቆጨው። ተመልሶ ከለንደን ደቡብ ምዕራብ፣ ዌይብሪጅ በተባለ ቦታ በነበረው የራሱ ርስት ላይ ሜዳ ለመሥራት ቆረጠ። ንድፉን ያወጣው ካፔል ሆልደን የተባለ የመድፈኛ ጦር ኮሎኔል ነው። ሥራው በ1906 መገባደጃ ተጀምሮ ጁን 17 ቀን 1907 ሜዳው ተመረቀ። ዙሪያው 4.43 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 30 ሜትር ነው፤ የኩርባው ውጫዊ ጠርዝ ከመሬት 9 ሜትር ያህል ይነሣል። በግቢው ውስጥ ዌይ የተባለ ወንዝ ስለሚያልፍ አቅጣጫውን በከፊል አስለውጠው በላዩ የአርማታ ድልድይ አሳለፉ። ወጪው 150,000 ፓውንድ ደርሶ ሎክ ኪንግን ከኪሳራ አፋፍ አደረሰው፤ ያወጣው የቤተሰቡ ገንዘብና የባለቤቱ የኤተል ብርታት ነው። በምረቃው ዕለት መኪና እየነዳች ሰልፉን የመራችውም እርሷ ናት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሰልዊን ኤጅ የተባለ ሰው ናፒየር መኪና ይዞ ገባና ያለ ተተኪ ሾፌር 24 ሰዓት ነዳ። ሌሊት መስመሩ እንዲታየው በሜዳው ዳር ቀይ ፋኖሶች ተደረደሩለት። 2,545 ኪሎ ሜትር ያህል ሸፈነ፤ በሰዓት በአማካይ 106 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሰው ያደንቃል። እኔ ግን እንድታስብ የምፈልገው በአጥሩ ማዶ ያደሩትን ጎረቤቶች ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዓይናቸውን ሳይከድኑ አነጉ፤ አቤቱታ ቀረበ፤ የሌሊት ውድድርም ቀረ። በ1929 የ24 ሰዓት ውድድር ሲዘጋጅ መኪኖቹ 12 ሰዓት ቀን ሮጠው፣ ሌሊት ተቆልፎባቸው አድረው፣ በማግስቱ ቀሪውን 12 ሰዓት እንዲሮጡ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያም በፊት ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ እያንዳንዱ መኪና የተወሰነ መጠንና ቅርጽ ያለው ማርሚታ (የሞተር ድምፅ ማፈኛ) እንዲገጥም ግዴታ ሆኖ ነበር። ማርሚታ ነቅለህ ለመሮጥ ካሰብክ ይህን ያዝ።

በ1913 ፐርሲ ላምበርት ታልቦት መኪና እየነዳ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ100 ማይል በላይ የሄደ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ በዚያው ሜዳ ጎማ ፈንድቶበት ሞተ። የዙር ክብረ ወሰኑን እስከ መጨረሻው ይዞ የቀረው ጆን ኮብ ነው፤ በ1935 አንዱን ዙር በሰዓት 230.8 ኪሎ ሜትር ጨረሰ። መኪናው ናፒየር-ሬይልተን ይባላል፤ 24 ሊትር ገደማ የሚይዝ ባለ 12 ሲሊንደር የአውሮፕላን ሞተር ተጭኖበት ፍሬኑ በኋላ እግሮች ላይ ብቻ ነበር። ጋራዥ የምትውል ሰው ነህና ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አልነግርህም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ መሬቱ እንግባ። በዚያ ተዳፋት ላይ ሬንጅና ጠጠር ማንጠፍ አስቸጋሪ፣ አስፋልትም ውድ ስለነበር ኮንክሪት መረጡ። ፌሮ የሌለበት፣ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ኮንክሪት አዲስ በተቆለለ አፈር ላይ በቀጥታ ፈሰሰ። አፈርን በስስ በስሱ እያነጠፉ፣ እርጥበቱን እየለኩ፣ እየጠቀጠቁ የማሳደግ ሥርዓት በመመዘኛ የተደነገገው በ1930ዎቹ ነው፤ እነርሱ በ1907 ያን ዕውቀት አልነበራቸውም። አዲስ የተቆለለ አፈር በራሱ ክብደትና በዝናብ ይሰምጣል። እኩል ቢሰምጥ ኖሮ ችግር አልነበረውም፤ ግን እዚህ ሁለት ጣት፣ እዚያ አንድ ስንዝር እያለ ነው የሚወርደው። ኮንክሪት ደግሞ ሸክም ሲጫነው ጠንካራ፣ ሥሩ ሲከዳው ደካማ ነው፤ ከሥሩ ባዶ ሲሆን እንደ ደረቅ እንጀራ ይሰነጠቃል።

ለድሬዳዋ ልጅ ይህን በሽመንደፈር ማስረዳት ይቀላል። የባቡር ሐዲድ በአፈር ቁልል ላይ ሲያልፍ እርሱም ይሰምጣል። የመስመር ጥበቃ ሠራተኛው ግን ሐዲዱን በክሪክ አንሥቶ፣ ከሥሩ ጠጠር ጠቅጥቆ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። አያቶቻችን ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከገባ ጀምሮ ሲሠሩ የኖሩት ይህንኑ ነው። ሐዲድ እየሰመጠ ይታረማል። ኮንክሪት ሲሰምጥ ይሰበራል፤ የተሰበረውን ቆርጦ አውጥቶ እንደገና ማፍሰስ እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም። ብሩክላንድስ በየዓመቱ በአውሮፓ የብርድ ወራት እየተዘጋ ይጠገን የነበረው ለዚህ ነው። ከሁሉ የከፋው ስፍራ ወንዙ ላይ ያለው ነበር፤ ድልድዩና ከአጠገቡ ያለው ቁልል እኩል ስላልሰመጡ እርከን ተፈጠረ፤ መኪኖች እዚያ ሲደርሱ አራት እግራቸው ከመሬት ይነሣ ነበር። የኮብ መኪና አየር ላይ ተንሳፍፎ የሚታይበት ታዋቂ ፎቶ ለብዙዎች የጀግንነት ምስል ነው። እኔ የመሠረት ጉድለት ምስል አድርጌ ነው የማየው።

ከዓመታት በፊት ከቀረው ኩርባ ሥር ቆሜያለሁ። ከታች ሲያዩት መውጣት የሚቻል ይመስላል፤ ከመካከሉ ካለፍኩ በኋላ ጫማዬ አልይዝ ስላለኝ በእጄ ተደግፌ ወረድኩ። በሁለት ንጣፎች መካከል ባለው ስንጥቅ ጣቶቼን ስከት እስከ ሁለተኛው አንጓ ገቡ፤ ውስጡ እርጥብ አፈርና የሣር ሥር ነበር። የአንዱ ንጣፍ ጠርዝ ከሌላው የአውራ ጣቴን ውፍረት ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ያን ስዳስስ የታወሰኝ ወጣት ሳለሁ በምሥራቁ ክፍል የሠራነው የጭነት መኪና ማቆሚያ ግቢ ነው። አሠሪያችን ቸኩሎ ነበር፤ ሙሌቱን በአንድ ጊዜ ገልብጠን ላይ ላዩን በሮለር ዳምጠን ኮንክሪት አፈሰስንበት። ሁለተኛውን ክረምት አላለፈም። ከዳር ያሉት ንጣፎች እንደ ተገለጠ መጽሐፍ ተነሡ፤ ሾፌሮቹ ጎማቸው እንዳይቆረጥ መኪናቸውን ውጭ መንገድ ላይ ያቆሙ ጀመር። ሲሚንቶው ጥሩ ነበር፤ አሸዋውም የታጠበ። የጎደለው ሥሩ ነው። እስከ ዛሬ ያንን ግቢ ሳልፍ ዓይኔን አዞራለሁ።

ወደ ጦርነቱ እንምጣ። ሴፕቴምበር 4 ቀን 1940 የጀርመን አውሮፕላኖች ዌይብሪጅን መደብደባቸው እውነት ነው። የተመታው ግን በሜዳው ግቢ የነበረው የቪከርስ የአውሮፕላን ፋብሪካ ነው፤ ከ80 በላይ ሰዎች አለቁ። የእሽቅድድም ሜዳው ያን ጊዜ ከተዘጋ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ የመጨረሻው ውድድር የተካሄደው በኦገስት 1939 ነው። ሜዳውን የበላው እዚያው ግቢ ውስጥ ያደገው ፋብሪካ ነው። ክብ ሜዳው በመካከሉ ሰፊ ገላጣ ስፍራ ስለነበረው ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ አውሮፕላን መሞከሪያ ሆነ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሠራዊቱ ተረክቦት ከባድ ካሚዮኖች ኮንክሪቱን ስላደቀቁት እንደገና ለውድድር የተከፈተው በ1920 ነው። በ1935 ሃሪኬን የተባለው ተዋጊ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ከዚህ ነው። በሁለተኛው ጦርነት ደግሞ ከ2,500 በላይ የዌሊንግተን ቦምብ ጣዮች ዌይብሪጅ ላይ ተሠሩ። ከአየር እንዳይለይ ኮንክሪቱ እየተበሳ ዛፍ ተተከለበት፤ የፋብሪካ መንገድ እንዲያልፍ ኩርባው ተቆረጠ፤ በላዩ መጋዘን ቆመ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ሁለት መንገድ ነበር። የተቆረጠውንና የተሰነጠቀውን በብዙ ገንዘብ ጠግኖ መመለስ፣ ወይም መሬቱን እዚያው ላለው ፋብሪካ መሸጥ። በጃንዋሪ 1946 በ330,000 ፓውንድ ለቪከርስ ተሸጠ። ሜዳው በይፋ የሞተው በዚያች ፊርማ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ቀብር ነው፤ በ1951 አዲሱ ቦምብ ጣይ ተንደርድሮ እንዲነሣ ከኩርባው አንድ ክፍል ተቆርጦ ወጣ፤ በ1960ዎቹ መገባደጃ ላይ የወንዙ ድልድይ ፈረሰ።

ጓደኛህ ስለ አደጋው ያለው ያለ መነሻ አይደለም። በ1930 ሁለት ታልቦት መኪኖች ተጋጭተው ወደ ተመልካች ገብተው ሰው ሞቷል። በ1932 ክላይቭ ደንፊ ቤንትሊ መኪናውን እየነዳ ከኩርባው አናት በላይ ወጥቶ ሕይወቱ አልፏል። ከእያንዳንዱ አደጋ በኋላ ግን ውድድሩ ቀጥሏል። ያ ዘመን ለሞት የነበረው ትከሻ ዛሬ ለእኛ አይሆንም፤ እናንተ ዘንድ አንድ ሕፃን ቢገጭ ማኅበራችሁ በማግስቱ የለም፤ መኖርም አይገባውም።

«ለምን አልመለሱትም» ላልከው፣ ከገንዘቡ ሌላ አንድ ምክንያት አለ። የስፖርቱ ፍላጎት ተለውጦ ነበር። ያዘነበለ ክብ ሜዳ የሚፈትነው የሞተርን ጉልበትና የጎማን ጽናት ነው። ሾፌሮችም ተመልካቾችም ግን ፍሬን የሚያዝበት፣ ማርሽ የሚቀየርበት፣ ቀኝና ግራ የሚታጠፍበት መንገድ ይሻሉ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ሥራ የፈቱ የጦር አውሮፕላን ማረፊያዎች ሞልተው ነበር፤ ዙሪያቸውን የተነጠፈ ጠፍጣፋ መንገድ አላቸው። ሲልቨርስቶን እንዲህ ያለ ነው፤ በ1948 ግራንድ ፕሪውን የተቀበለው በገለባ እስርና በገመድ ተከልሎ ነው። እንግዲህ ተመልከት፦ በ150,000 ፓውንድ የተገነባው ሜዳ ፋብሪካ ሆነ፤ አንድም ኩርባ ያልተገነባለት የአውሮፕላን ማረፊያ የፎርሙላ ዋን መነሻ ሆነ።

ዛሬ ብሩክላንድስ ውስጥ በ1991 የተከፈተ ሙዚየም አለ፤ የአንዱ ኩርባ ቁራጭ፣ የ1907ቱ የክበቡ አባላት ቤትና የመኪና አቅም ይፈተንበት የነበረው ዳገት ተጠብቀዋል፤ በ2017 ደግሞ በላዩ የቆመው መጋዘን ተነሥቶ የፍጻሜው ቀጥታ መስመር እንደገና ታየ። የቀረው ቢሮና ሱቅ ሆኗል።

ሌሎቹም ያዘነበሉ ሜዳዎች ዕጣቸው አንድ አይደለም። የአሜሪካው ኢንዲያናፖሊስ በ1909 ሲከፈት የተነጠፈው ጠጠርና ሬንጅ በመጀመሪያው ውድድር ተፈረካክሶ ሰው ስለሞተ፣ በዚያው ዓመት 3.2 ሚሊዮን ጡብ ደረደሩበት፤ እስከ ዛሬ ይሠራል። ተዳፋቱ ግን 9 ዲግሪ ብቻ መሆኑን ልብ በል። ስፔን ውስጥ ሲትጀስ አጠገብ በ1923 የተሠራው ሜዳ ኮንክሪቱ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ የሞተው ግን ገና በመክፈቻው ነው፤ አሠሪዎቹ ገንዘብ ጨርሰው ለአሸናፊዎቹ ሽልማት መክፈል አቃታቸው። አንዱን መሬቱ፣ ሌላውን ኪሱ ነው የገደለው። ሁለቱንም ይዛችሁ ስሙኝ።

የእናንተ ዕቅድ በዚህ መልኩ አይሠራም፤ ከቦታው እጀምራለሁ። የአሸዋ ወንዝ ደረቅ መስሎ የሚታይ ወንዝ ነው። በደጋው ሐረርጌ የዘነበ ዝናብ ድሬዳዋ ላይ አንዲት ጠብታ ሳይወርድ በሌሊት ይደርሳል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የከተማችን የአሸዋ ወንዝ ደቻቱ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄዷል፤ አንተ ያን ጊዜ ልጅ ብትሆንም ቤተሰብህ ያስታውሳል። በየዓመቱ ባይመጣም አንድ ጎርፍ ይበቃል፤ አሸዋውን ከንጣፉ ሥር አጥቦ ሲያወጣው ላዩ ደህና መስሎ ሥሩ ባዶ ይቀራል። በዚያ ላይ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚያልፍ ልጅ የሚያየው ደህናውን ላዩን ነው።

አሸዋው ነፃ ነው ያልከውም ሁለት ስሕተት አለው። ያለ ፈቃድ ከወንዝ አሸዋ ማውጣት አይቻልም። ቢቻልም የወንዝ ዳር አሸዋ ደለል ይበዛበታል። ራስህ ልትፈትነው ትችላለህ፦ በላስቲክ የውሃ ጠርሙስ እስከ ግማሹ አሸዋ ጨምር፣ ውሃ ሙላበት፣ ትንሽ ጨው ጣል አድርግ፣ አጥብቀህ ናጠው፣ ከዚያ ደልዳላ ቦታ አስቀምጠህ እደር። ጠዋት ከአሸዋው በላይ የተኛ ቡናማ ንጣፍ ታያለህ፤ ደለሉ እርሱ ነው። ከመቶ 6 እጅ ከበለጠ ያ አሸዋ ሳይታጠብ ለኮንክሪት አይሆንም።

ተዳፋቱን በቁጥር እንየው። ባለ 400 ሜትር ዙር ማለት በ50 ሜትር ራዲየስ ሁለት ግማሽ ክቦችና እያንዳንዳቸው 43 ሜትር የሆኑ ሁለት ቀጥታ መስመሮች ማለት ነው። በዚያ ኩርባ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሽከርካሪን የጎማ ሰበቃ ሳያስፈልግ ተዳፋቱ ብቻውን እንዲይዘው 30 ዲግሪ ገደማ ማዘንበል አለበት። ስፋቱ 8 ሜትር ከሆነ ውጫዊው ጠርዝ 4 ሜትር ከፍ ይላል። ለዚያ ፍጥነት የተሠራ ኩርባ ደግሞ ቀስ ያለውን አይወድም። ሞተር የጠፋበት ባጃጅ 30 ዲግሪ ላይ ሲቆም፣ በተለይ አቧራ ወይም አሸዋ ካለበት፣ ወደ ጎን ተንሸራቶ ይወርዳል ወይም ይገለበጣል፤ ሦስት እግር ያለው ቁመታም ተሽከርካሪ ነውና። ኩርባውን ለ40 ኪሎ ሜትር ካደረጋችሁት 14 ዲግሪ ይበቃል፤ ግን በዚያ ፍጥነት ጠፍጣፋ መሬትም ስለሚይዛችሁ ያን ሁሉ አፈር መቆለል ለምን ያስፈልጋል?

ወጪውም እንዲሁ ነው። 400 ሜትር በ8 ሜትር በ15 ሴንቲ ሜትር 480 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይሆናል። በሜትር ኩብ 3.5 ኩንታል ሲሚንቶ ብናስብ 1,680 ኩንታል፣ ማለትም 50 ኪሎ የሚይዙ 3,360 ከረጢቶች። አሥራ አራታችሁ ብትካፈሉ በነፍስ ወከፍ 240 ከረጢት ይደርሳችኋል። ፌሮ፣ የአፈር ሙሌት፣ ሮለር፣ ጣውላ፣ ውሃ አልገባበትም። ከተማችን በጣሊያን ወረራ ዘመን የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለባት መሆኗ ሲሚንቶውን ርካሽ አያደርግላችሁም። በድሬዳዋ ሙቀት የሚፈስ ኮንክሪት ደግሞ ገና ሳይጠነክር ውሃው ስለሚተን በማታ ወይም ጎሕ ሳይቀድ ማፍሰስ፣ ከዚያም ቢያንስ ሰባት ቀን በጆንያ ሸፍኖ ጠዋትና ማታ ውሃ ማጠጣት ይጠይቃል። ያን ውሃ በቦቴ ልታስመጡ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ለድርድር አላቀርበውም። ኮንክሪት አታፍስሱ፣ አፈር አትቆልሉ፣ ከወንዝ ዳር ቦታ አትጠይቁ። እንደ ሲልቨርስቶን አድርጉ፦ ቀድሞ የተነጠፈና ሥራ የፈታ ጠፍጣፋ ግቢ ፈልጉ። የጭነት መኪና ማቆሚያ፣ የመጋዘን ግቢ፣ በበዓል ቀን ባዶ የሚሆን ሰፊ አስፋልት ሊሆን ይችላል። 60 ሜትር በ40 ሜትር ካገኛችሁ መስመሩን በአሮጌ ጎማና በትራፊክ ኮን ከልሉትና አንድ በአንድ እየገባችሁ በሰዓት መያዣ ተወዳደሩ። ሁለት ተሽከርካሪ በአንድ ጊዜ አይግባ። ጠባብ ኩርባ ያለበት መስመር ፍጥነቱን ዝቅ፣ የሾፌሩን ችሎታ ከፍ ያደርጋል፤ የጠገናችሁት ፍሬንና መሪ ምን ያህል እንደሚሠራም በደንብ ይታያችኋል።

ጥንቃቄዎቹን ሳትሸራርፉ ያዙ። ያለ ሄልሜት ማንም አይንዳ፤ በባጃጅም ቢሆን። የጎማው ክልል በልቅ የተደረደረ ሳይሆን እርስ በርሱ በቡሎን የታሰረ ይሁን፤ ልቅ ጎማ ሲመታ ራሱ ይበራል። ተመልካች በኩርባው ውጫዊ ክፍል ፈጽሞ አይቁም፣ ተሽከርካሪ ሲያመልጥ የሚሄደው ወደዚያ ነውና፤ ሕፃናትን የሚጠብቅ አንድ ሰው ከሌላ ሥራ ነፃ ይሁን። እሳት ማጥፊያና የመጀመሪያ ርዳታ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ሞተር አይነሣ። ማርሚታ አይነቀል። ከተማው ከቀትር በኋላ የሚያርፍበትን ሰዓት፣ የአዛንና የቅዳሴን ሰዓት ተውት፤ በጠዋት ጀምራችሁ ፀሐይ ሳይከር ጨርሱ። ለጎረቤት አስቀድማችሁ ንገሩ፤ የብሩክላንድስ ጎረቤቶች ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል፣ የእናንተም ሊሄዱ ይችላሉ።

አንድ የማልደራደርበት ነገር ጨምርበት፤ የግቢው ባለቤት በቃል ብቻ «እሺ» ካላችሁ አትጀምሩ። ሎክ ኪንግ በራሱ ርስት ላይ ሠርቶም ሜዳው ሠላሳ ሁለት ዓመት ብቻ ነው የሮጠበት፤ እናንተ ደግሞ በሰው ግቢ ናችሁ። ስንት ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ አደጋ ቢደርስ ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ ባለቤቱ ቦታውን ሲፈልግ ስንት ወር አስቀድሞ እንደሚነግራችሁ የሚገልጽ ውል ተፈራረሙ። ማኅበራችሁን አስመዝግባችሁ የከተማውን ስፖርት ጽሕፈት ቤትና የትራፊክ ፖሊስን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፤ መድኅን ሰጪ ድርጅትም አነጋግሩ። መድኅን ሰጪው እምቢ ካላችሁ ምክንያቱን ጠይቁት፤ የሚነግራችሁ ምክንያት መጀመሪያ ልታስተካክሉት የሚገባው ጉድለት ነው።

ግቢ ስታገኙ ርዝመትና ስፋቱን በሜትር ለክተህ ላክልኝ። ከዝናብ በኋላ ውሃ የሚቋጥርባቸውን ቦታዎችም በኖራ አክብበህ ፎቶ አንሣ፤ መሬቱ የሰመጠው እዚያ ስለሆነ መስመሩን ከዚያ አርቄ እነድፍላችኋለሁ።